የአምስት ደቂቃው ንግግር

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለማጥናት የወሰንኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ውሳኔው አድጎ አራት ገጽ ሠንጠረዥ ሆኖ ነበር፦ በአንደኛው ዓመት የዲፕሎማሲ ታሪክና የዓለም አቀፍ ሕግ መግቢያ፣ በሁለተኛው ተጨማሪ ቋንቋ፣ በሦስተኛው የግጭት አፈታትና የስደተኞች ሕግ፣ በአራተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ። የኮርሶቹን ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የሚሰጡበትን ወቅት በጥቁር፣ እያንዳንዱን ለምን እንደምወስደው ደግሞ በእርሳስ አሰፈርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ፣ «የምታገቢበት ዓመት የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«በእርሳስ ከተጻፉት መካከል ፈልገው» አልኩት፤ «የሚጠፉት እነሱ ናቸው።»

የትምህርት ክፍሉ በዓመት የሚቀበለው አርባ ተማሪ ብቻ ነው። ከጥናት ዕቅዱ ሌላ የሥራ ልምድ መግለጫና በሙያው ውስጥ ካለ ኃላፊ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤ የሌለው ማመልከቻ እንደማይታይ ማስታወቂያው ላይ በደማቁ ተጽፏል። ከክፍሌ አንደኛ መውጣቴ በዚህ ረገድ ምንም አይፈይድልኝም። ከዘመዶቼ መካከል ኃላፊ የሚባል ሰው ቢፈለግ የምትገኘው የአባቴ እህት ብቻ ናት፤ እሷም በትልቁ የጉባኤ አዳራሽ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ናት።

«አምባሳደር» አለችኝ አንድ እሑድ፤ ይህን ስም ያወጣችልኝ ሠንጠረዡን ያየች ዕለት ነው። «ለሦስት ቀን ጉባኤ ሰነድ የሚያድሉ ልጆች ይፈልጋሉ። ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተዘጋ አፍ።»

«የተዘጋ አፍ ደግሞ ምንድን ነው፣ እቴቴ?»

«መመሪያ ነዋ። ወረቀት ትሰጫለሽ፣ ፈገግ ትያለሽ፣ ዞር ትያለሽ። የሚያናግርሽ ካለ ‹ጸሐፊውን ልጥራልዎ› ነው መልሱ። ደብዳቤ የሚጽፍልሽም እሱ ጸሐፊው ነው፤ እንግዲህ አያያዙን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ጉባኤው ስለ ውኃ ነበር፤ ከጦርነት ሸሽተው በድንበር አቅራቢያ በተተከለ መጠለያ ስለሚኖሩ ሁለት ሺህ ቤተሰቦች የመጠጥ ውኃ። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። በሠንጠረዤ ሦስተኛ ዓመት ላይ የጻፍኩት ነገር በሕይወት ቆሞ ሲሠራ በዓይኔ ላየው ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ተሳታፊዎቹ ከመግባታቸው በፊት፣ እቴቴን ያገኘኋት በትልቁ ክብ ጠረጴዛ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ነው። ከላይ ጠረጴዛው ፊት ያሳያል፤ ትናንሽ ሰንደቅ ዓላማዎች፣ ማይክሮፎኖችና የጆሮ ማዳመጫዎች በወጉ ተደርድረውበታል። ከሥር እሷ በቀጭን የብረት መፋቂያ ማስቲካ ትፍቃለች።

«ጎንበስ በይና እዪ፤ ትምህርት ነው» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ። ግራጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፤ የጥርስ ቅርጽ ያረፈባቸው፣ ፀጉር የተጣበቀባቸው፣ አንዳንዶቹም ገና ያልደረቁ። ከጠረጴዛው ሆድ ላይ እንደ ኪንታሮት ወጥተዋል።

«ይሄ ያለፈው ሳምንት የሰላም ድርድር ነው» አለች በመፋቂያዋ ጫፍ እየጠቆመች። «እዚህ ጋ የተቀመጡት ትልቅ ሰው ነገሩ ሲጠነክርባቸው ይለጥፋሉ። ሰባት ለጥፈዋል። እንዳልተስማሙ ዜናው ሳይናገር እኔ ነኝ የሰማሁት።»

ሳቅኩ፤ ግን እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቴ ነክቼ አላውቅም።

ጸሐፊውን የጽዳት ሠራተኞቹ «ጣተ እርጥብ» ይሉታል። ወረቀት በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አሳርፎ ያርሰዋል፤ ከእሱ እጅ የሚወጣ ሰነድ ሁሉ በቀኝ ማዕዘኑ የረጠበ ጠባሳ አለው። ያንን ማዕዘን ሳልነካ ማደልን የተማርኩት በመጀመሪያው ሰዓት ነው። በተረፈ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የሠራተኛውን ሁሉ ስም ያውቃል፣ ሲናገር እንደ ጥሩ መምህር ይታገሣል።

የሰነድ ሳጥኖቹን ስከፍት አንዱ ላይ «ሦስተኛ ቀን» የሚል ተጽፎበት አገኘሁ። በውስጡ የጉባኤው የመጨረሻ መግለጫ ታትሞ፣ ተጠርዞ ተቀምጧል። ስለ ፍሬያማው ውይይት፣ ስለሚተከሉት ስድስት አዳዲስ የውኃ ፓምፖች፣ «የመጠለያው ነዋሪዎች ተወካይ ስላደረጉት ልብ የሚነካ ንግግር» ያትታል። ጉባኤው ገና አልተከፈተም። ስሕተት መስሎኝ ለጸሐፊው ወሰድኩለት።

«መግለጫ ጉባኤው ካለቀ በኋላ ከተጻፈ ማን ይፈርመዋል?» አለኝ። «ሁሉም ወደ አውሮፕላኑ ሲሮጥ ነው የምታገኚው። ቀድመን እንጽፈዋለን፤ ከዚያ ጉባኤው እሱን እንዲመስል እናደርጋለን። ይህን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩሽም።»

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ዕውቀት ነው የጻፍኩት፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

የነዋሪዎቹን ተወካይ ያገኘኋት በኩሽናውና በአዳራሹ መካከል ባለው ጠባብ የሠራተኞች መተላለፊያ ነው። ከመወልወያ ባልዲዎቹ አጠገብ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ጎረቤቶቿ ያዋሷት ጫማ ስላጠበባት አውልቃ ጎኗ አስቀምጣዋለች። የመጠለያው የውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናት። አንገቷ ላይ የተናጋሪ ባጅ አለ፤ ነገር ግን ባጁ አዳራሹን የሚከፍተው በተመደበላት ክፍለ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የምትቆይበት ቦታ በማንም ዝርዝር ውስጥ አልተያዘም። እቴቴ ናት ወንበሩን ያመጣችላት።

«አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል» አለችኝ ሊቀመንበሯ። «የመጠለያው አስተማሪ በሰዓቱ ለክቶልኛል። አራት ደቂቃ ተኩል ነው የሚወስድብኝ። ግማሹን ደቂቃ ለሳል ትቼዋለሁ።»

«ለጭብጨባስ?» አለች እቴቴ።

«ያጨበጭባሉ እንዴ?»

«እነዚህ? ከረሜላ ሲታደል ያጨበጭባሉ።»

የሊቀመንበሯ ተራ በመጀመሪያው ቀን በአራት ሰዓት ነበር። የመክፈቻ ንግግሮቹ ሲረዝሙ ወደ አምስት ተኩል፣ ከዚያ ወደ ከሰዓት ተገፋ። የእሷን ቋንቋ የሚያስተረጉመው ሰው ግን የተቀጠረው ለግማሽ ቀን ነበርና ስድስት ሰዓት ሲሆን ማዳመጫውን ሰቅሎ፣ ፈርሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሊቀመንበሯ ስም በፕሮግራሙ ላይ ከገጽ ወደ ገጽ ሲንከባለል ዋለ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። እያንዳንዱን የተሻሻለ ፕሮግራም ያደልኩት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር መሸሸግ አልፈልግም። የእሷ ቋንቋ የእኛም የቤት ቋንቋ ነው፤ የጉባኤው ቋንቋ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሬ አንደኛ የወጣሁበት ነው። «እኔ ላስተርጉምላቸው» ማለት የሁለት ቃል ጉዳይ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እነዚያን ሁለት ቃላት በአፌ ይዤ በአዳራሹ ተመላለስኩ። መመሪያው የተዘጋ አፍ ይላል፤ እኔም ደብዳቤውን እፈልጋለሁ።

በየዕረፍቱ እቴቴና ሴቶቿ ከጠረጴዛው ላይ የውኃ ጠርሙሶቹን ሰብስበው ወደ መተላለፊያው ያመጡና በትልቁ መታጠቢያ ውስጥ ይገለብጧቸዋል። አብዛኞቹ አንድ ጉንጭ ብቻ የተጠጣባቸው ናቸው። በአንዳንዱ ውስጥ የጥርስ መጎርጎሪያ፣ በአንዳንዱ የተጠቀለለ መሐረብ፣ በአንዱም የተነከሰ የዓሣ ቁራሽ ይዋኛል። ሊቀመንበሯ እግሮቿን ሰብስባ ታያለች።

«ይሄ ሁሉ ይደፋል?»

«አፍ የነካው ነው፣ እህቴ» አለች እቴቴ፤ ዓይኗን ግን ከመታጠቢያው አላነሣችም።

ሊቀመንበሯ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ውኃው በቱቦው ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ እስኪያበቃ ድረስ አዳመጠች። እኔ ከዚያ ሸሽቼ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ፤ ውስጥ የምግብና የሽቶ ሽታ ተቀላቅሎ ታፍኗል፤ አንድ ተሳታፊ ጫማውን ከጠረጴዛው በታች አውልቆ በእግሩ ጣቶች ሌላኛውን እግሩን እያከከ ስለ ውኃ እጥረት ይናገራል። የሚናገረው በሚያምር ቋንቋ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከምንም በላይ የማደንቀው እንዲህ ያለውን ቋንቋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጸሐፊው ወደ ቢሮው አስጠራኝ። ቁርሱን እየበላ ነበር፤ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በከንፈሩ ጥግ ደርቋል።

«ከክፍልሽ አንደኛ ነሽ ይሉኛል። ጽሑፍሽም ጥሩ ነው ይባላል።»

«እሞክራለሁ» አልኩ።

«የሴትዮዋ ንግግር በአባሪነት መያያዝ አለበት፤ መግለጫው ላይ ተጠቅሷላ። አስተርጓሚ የለንም፣ ጊዜም የለንም። እሷ ብትናገር የምትለውን አንድ ገጽ ጻፊልኝ።»

«እሳቸው እኮ እዚሁ መተላለፊያው ላይ ናቸው። ልጠይቃቸው?»

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለ ጣቱን እያረሰ። «ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ልብ የሚነካ ይሁን፤ ቁጣ አይኑርበት። ስለ አዲሶቹ ፓምፖች አመስግኚ። ስትጨርሺ ደግሞ ይቺን እፈርምልሻለሁ።» ከመሳቢያው የጉባኤው ዓርማ ያለበት ወረቀት አወጣ። የድጋፍ ደብዳቤዬ ነበር፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

ለመጻፍ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ማንም በትር አላነሣብኝም፤ በደስታ ነው የጻፍኩት። ከወዴት እንደመጣ የማላውቀው ሐሳብ እየተከተለ ይመጣልኝ ነበር፤ ቃላት እመርጥ፣ እሰርዝ፣ እንደገና እመርጥ ነበር። «ውኃ ለእኛ ጥም መቁረጫ ብቻ አይደለም፤ የነገ ፊታችንን የምናይበት መስታወት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲወጣልኝ በኩራት ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለስድስቱ ፓምፖች ደግሞ ስድስት ሻማ እንደበራልን ቆጥሬ አመሰገንኩ።

ጸሐፊው ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ይሄ ነው!» አለ። «እሷ ራሷ እንዲህ አትለውም ነበር።» ከዚያ ደብዳቤውን ፈርሞ፣ በአውራ ጣቱ ማዕዘኑን ይዞ ሰጠኝ። ወረቀቱ እዚያ ጋ ሞቅ ያለና የረጠበ ነበር። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ፖስታውን ይዤ ስወጣ እቴቴ ከሩቅ አየችኝ።

«አገኘሽ? እልል ልበል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሊቀመንበሯ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ አለች። «ተራዬ ደረሰ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«ንግግርዎ…» አልኩ። «ንግግርዎ በጽሑፍ ተያይዟል።»

«የቱ ንግግሬ?»

ቅጂው በእጄ ነበር። እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ድምፄ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ የተለመደው የክፍል ውስጥ ንባብ ድምፅ ነበር፤ መስታወቱ ጋ ስደርስ ቀጠነ፤ ሻማዎቹ ጋ ስደርስ አለቀ። ሊቀመንበሯ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳታቋርጥ በጨዋነት ሰማችኝ።

«ያማረ ነው» አለች። «የማን ነው?»

ቅጂውን አጠፍኩት።

«እኔ የመጣሁት እንዲህ ልል አይደለም» ብላ ጣቶቿን ዘረጋች፤ በእያንዳንዱ ጣት ላይ አንድ ነገር አስቀምጣ ነበር የመጣችው። «አንደኛ፣ ያሉን ፓምፖች አልተበላሹም። ሁለተኛ፣ በሰንሰለት ተቆልፈዋል። ሦስተኛ፣ ቁልፉ ያለው ከተማ በሚኖረው የመጋዘን ሰው እጅ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ የሚከፍተውም በቀን አንድ ሰዓት ነው። አራተኛ፣ ፓምፕ አትጨምሩልን። ቁልፉን ለኮሚቴው ስጡን። ይኸው ነው። ሌላው ሰላምታ ነው።»

እኔ ስድስት ፓምፕ ጨምሬላቸው ነበር። አመስግኜም ነበር።

እቴቴ ጓንቷን ሳታወልቅ ፖስታውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ጩኸት የጠበቅኩት በከንቱ ነው።

«አምባሳደር ብዬ ስጠራሽ እኮ እየቀለድኩ ነበር» አለችኝ።

ደወሉ ተደወለ፤ የመዝጊያው ስብሰባ ሊጀመር ነበር። መግለጫውን ለማደል መግባት ነበረብኝ፤ ገባሁም። ስልሳ አራት ቅጂ አደልኩ። ሻንጣዎች በየወንበሩ ጎን ቆመዋል። የጉባኤው ሰብሳቢ መግለጫውን አነበበች፤ ወደ ንግግሩ ስትደርስም መነጽሯን አስተካክላ፣ «ከተወካይዋ ንግግር አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ላንብብላችሁ» አለችና መስታወቱን አነበበች።

አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ፤ ሌላዋ ደረቷን በእጇ ያዘች። ጭብጨባው ለእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። እስከዚያች ሰዓት በሦስት ቀን ውስጥ ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ ያ ዓረፍተ ነገር የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የወጣው ከእኔ ነው፤ ደግሞም ንጹሕ ይመስላል።

ከቆምኩበት አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ባለቤቱ ቀድሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ መብራት በራ።

«ተወካይዋ አልተናገሩም» አልኩ። ድምፄ ከየማዳመጫው ተመልሶ መጣብኝ። «የተነበበውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ በር ጀርባ ተቀምጠዋል። አሁንም አሉ።»

ሰብሳቢዋ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። «እርስዎ የየትኛው ልዑክ ነዎት?»

«ሰነድ አዳይ ነኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ እኔ በእርጋታ መምጣት ጀመረ፤ ሰዎች ሻንጣቸውን እያዞሩ መንገድ ይለቁለታል። እኔ ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ «የእሳቸውን ቋንቋ እኔ አስተረጉማለሁ» አልኩ። ሁለቱ ቃላት ከነጓዛቸው ወጡ፤ በሦስት ቀን ዘግይተው።

ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። «ሦስት ደቂቃ» አለች፤ ልግስና ይሁን ሐፍረት ለይቼ አላወቅኩም።

የጎን በሩን የከፈተችው እቴቴ ናት። ሊቀመንበሯ በባዶ እግሯ ገባች፤ ጫማው እምቢ ብሏት ይሁን ረስታው አልጠየቅኳትም። ሰላምታውን ተወችው። አውራ ጣቷን አነሣችና ጀመረች፤ እኔም ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳላስጌጥ፣ ጣት በጣት አስተላለፍኩት። ግማሹ ተሳታፊ ቆሞ እጅ ይጨባበጣል። የሻንጣ ጎማ ድምፅ በንግግሯ መካከል ያልፋል። አንዱ በማንኪያ የኬክ ክሬም እየላሰ ያዳምጣል። «ፓምፕ አትጨምሩልን» የሚለው ጋ ስንደርስ ብቻ ጥቂት ራሶች ዞሩ።

ፓምፖቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ኃላፊ ስልኩን አስቀመጠ። «ቁልፉን የያዘው ሰው ስሙ ማን ነው?»

ተረጎምኩላት። ሊቀመንበሯ ጥያቄውን ካሰበችበት በኋላ ራሷን ነቀነቀች። «ስሙን እዚህ ብጠራ እሱ ነገ አንድ ሰዓቷንም አይከፍትልንም። እኔ ነገ እዚያው ነኝ። መጋዘናችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ማንን እንደቀጠራችሁ ፈልጉ።»

ሰውየው በባጁ ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ባጁን ኪሱ ከተተው። ሰብሳቢዋ፣ «ጉባኤው ሐሳቡን በምስጋና መዝግቧል» አለች። ማንም ሲመዘግብ አላየሁም። መግለጫው ታትሟል፣ ተፈርሟል፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችበትም። የእኔ ገጽ አባሪ ሦስት ሆኖ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ጸሐፊው መተላለፊያው ላይ ደረሰብኝ። አልጮኸም።

«ደብዳቤውን» አለ፣ እጁን ዘርግቶ።

ሰጠሁት። አራት አድርጎ ቀደደውና ቁራጮቹን ኪሱ ከተተ፤ መሬት ላይ የሚጥል ሰው አይደለም።

«ታሳዝኚያለሽ» አለኝ። «ችሎታ ነበረሽ። ይህ ሙያ ግን ሆድ ይፈልጋል።»

«ሆድማ ሞልቷል፣ ጌታዬ» አለች እቴቴ ባልዲዋን እያነሣች። «ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠርግ የዋልነው እሱ ያስቀረውን ነው።»

ሊቀመንበሯ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር። «ቁልፉን የሚልኩልን ይመስልሻል?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«እሺ። ቢያንስ ይሄን ፈጥረሽ አልጻፍሽውም» አለችና ሄደች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በትምህርት ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰለፍኩ። የጥናት ዕቅዴን እሑድ ሙሉውን ቀን ስጽፈው ውያለሁ። ከኮርሶቹ አንዱንም አላወጣሁም፤ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን እኔ ከተውኩት ወንበሩን የሚሞላው ማን እንደሆነ አይቻለሁ። የለወጥኩት «ለምን» የሚለውን ዓምድ ነው፤ የእርሳሱን ጽሑፍ አጥፍቼ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። በልምድ መግለጫው ላይ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «ለሦስት ቀን ሰነድ አድያለሁ። ባልተናገረች ሴት ስም ሐሰተኛ ንግግር ጽፌያለሁ። ተጨብጭቦለታል። በመጨረሻው ሰዓት የራሷን ንግግር አስተርጉሜያለሁ፤ በመግለጫው ላይ አልሰፈረም።»

የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ ሰው እዚህ ጋ ራሱን ያሞግሳል እንጂ አይከስም» አለኝ። «ይህችን አውጪና ሌላ ጻፊ፤ እጠብቅሻለሁ።»

«አይሆንም።»

«ደብዳቤውስ?»

«ተቀዷል።»

«እንግዲያው አልተሟላም።» ማኅተሙን መታ፤ ማመልከቻዬን ከጎኑ ባለው ክምር ላይ አኖረው። ክምሩ ወፍራም ነበር። «የጎደለውን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ማሟላት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ለዓመት።»

«‹በሙያው ውስጥ ያለ ኃላፊ› ማለት ማን ማለት ነው?»

«ኃላፊ ነዋ። ሰው የሚያስተዳድር፣ ስለ ሥራሽ የሚያውቅ።»

«የውኃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ትሆናለች? ሁለት ሺህ ቤተሰብ ነው።»

«ማኅተም አላት?»

«የላትም። ፊርማ ግን ታውቃለች።»

ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ሠራተኛው ወደ ክምሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «አምጪው። እኔ ተቀብዬ አያይዘዋለሁ፤ የሚወስነው ሌላ ነው። ግን ምን ብላ ነው የምትጽፍልሽ?»

«የምታውቀውን።»

ወደ መጠለያው አቅራቢያ የሚሄደው አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲደርስም የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ይቀራል። እዚያ ደርሼ በመጀመሪያ የምለው ይቅርታ ነው፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ ከመጣ። እንድትጽፍልኝ የሚያስገድዳት ምንም ነገር የለም፤ ብትጽፍም ስለ እኔ የምታውቀው ግማሹ የሚያሳፍር ነው። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ቲኬት ቆረጥኩ።